ሚክሰር ከኦፕራሲዮኑ በፊት

ሰኞ፣ ኅዳር 1

የሚመጣው ሳምንት ሐሙስ ነው አሉኝ። አሥር ቀን ቀረኝ ማለት ነው። እንቅርቱ ወደ ውስጥ እየወረደ ስለሆነ መውጣት እንዳለበት ካለፈው ወር ጀምሮ አውቃለሁ፣ ለዚያ አልደነገጥኩም። ያስደነገጠኝ ዶክተሩ ዛሬ የጨመረልኝ ነው። የድምፅ ነርቭ የሚባለው ክር የሚያህል ነገር ነው፣ የሚያልፈውም ከእንቅርቱ ጀርባ ነው። አብዛኛው ሰው ምንም አይሆንም። አንዳንዱ ለተወሰነ ጊዜ ድምፁ ይጎረንናል። ጥቂት ሰው ላይ ደግሞ እንደ ድሮው ላይመለስ ይችላል።

“ሥራዎ ምንድን ነው?” አለኝ።

አንደኛ ክፍል አስተምራለሁ አልኩት። ይጽፍበት የነበረውን እስክሪብቶ አስቀመጠና ቀና ብሎ አየኝ። ከሁሉም ያስፈራኝ የእስክሪብቶው መቀመጥ ነው።

በባጃጅ ወደ ቤት ስመለስ መዝሙሮቼን ቆጠርኩ። በሃያ አራት ዓመት ውስጥ ለልጆቹ ከራሴ ያወጣኋቸውን ማለቴ ነው። የቁጥር፣ የእጅ መታጠብ፣ የጫማ ማሰር፣ የስም መጥሪያ፣ እርሳስ የጠፋበት ልጅ መዝሙር። ሃያ ሁለት ሆኑ። ባለ ባጃጁ ብቻዬን ሳንጎራጉር በመስታወቱ እያየኝ ነበር፣ ይየኝ። አንዳቸውም የትም አልተጻፉም። ብጽፋቸውም ግጥሙ ነው የሚቀመጠው። ዜማው ያለው ጉሮሮዬ ውስጥ ነው፣ እሱ ደግሞ ሊቀደድ ነው።

ባለቤቴ ቶሌራ ከሶፋ ሥራው ሲመጣ የስፖንጅ ብናኙን ከፀጉሩ ሳያራግፍ ዶክተሩ ያለውን ነገርኩት። አጠገቤ ተቀመጠ። ከዚያ “ሂን ሶዳቲን” አለኝ፣ አትፍሪ ማለቱ ነው። እኔና እሱ የምናወራው በአማርኛ ነው። በኦሮምኛ ሲያጽናናኝ እሱም እንደፈራ አውቃለሁ።

ወሰንኩ። ከሐሙስ በፊት ሃያ ሁለቱንም እቀዳለሁ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 2

በስልክ ሞከርኩ። ክፍል ውስጥ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩትና የቁጥሩን መዝሙር ዘመርን። እኔ በአማርኛ እጠራለሁ፣ ልጆቹ በኦሮምኛ ይመልሳሉ። አንድ ስል ቶኮ፣ ሁለት ስል ላማ፣ ሦስት ስል ሰዲ። ቤት ገብቼ ስሰማው እኔ የለሁም። ልጆቹ ሲጮሁ ስልኩ ራሱ ይደነግጥና ሁሉንም ዝቅ ያደርገዋል መሰለኝ፣ የእኔ ድምፅ ጉድጓድ ገብቷል። “ሰዲ!” የሚለው ግን አሰላ ድረስ ይሰማል።

ብቻዬንም ሞከርኩ። እጠራለሁ፣ ዝም እላለሁ፣ የሚመልስ የለም። የጠፋች ዶሮዋን የምትጣራ ሴት መሰልኩ። መዝሙሮቹ ያለ ልጆቹ መዝሙር አይደሉም። ይኼን በሃያ አራት ዓመት አንድም ቀን አስቤው አላውቅም ነበር።

ስቱዲዮም ደወልኩ። ባለቤቱ ጨዋ ሰው ነው፣ ግን እስከ ወሩ መጨረሻ ተይዟል፣ ልጆች ይዘው ከሆነ ደግሞ ባይመጡ ይሻላል አለኝ።

ማታ ለወንድም ታምሩ ነገርኩት። ወንድም ታምሩ የቤተ ክርስቲያናችንን ድምፅ ለሃያ ዓመት የያዘ ሰው ነው። እኛ ስንጸልይ እሱ ዓይኑን ከፍቶ ማዞሪያዎቹን ያያል፣ ለዚህም ጌታ ይቅር እንደሚለው እርግጠኛ ነው። መልሱ አጭር ነበር። ሁለት ማይክ፣ አንዱ ለአንቺ፣ አንዱ ለልጆቹ፣ መሃል ላይ የሁለታችሁን መጠን የሚያስተካክል ሚክሰር። ሚክሰሩ ወደ ላፕቶፕ፣ አለቀ። ነገ አብሬሽ እሄዳለሁ አለኝ።

ላፕቶፑ የልጃችን የሌንሴ አሮጌው ነው፣ ሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ስትሄድ ትታልን የሄደችው። ይሠራል። ክዳኑን ስከፍት ያቃስታል እንጂ ይሠራል።

ረቡዕ፣ ኅዳር 3

ተገዛ!

ከትምህርት ቤት ወጥቼ ከታምሩ ጋር ገበያው አካባቢ ያሉትን የኤሌክትሮኒክስ ሱቆች ዞርን። እኔ ትንሿን ሳይ እሱ ትልቁን ያያል። ሁለት ማይክ ብቻ ነው የሚያስፈልገኝ እላለሁ፣ ለወደፊቱስ ይለኛል። የእኔ ወደፊት እስከ ሐሙስ ሳምንት ነው ልለው ፈልጌ ተውኩት። እያንዳንዱ ባለሱቅ ደግሞ ከታምሩ ጋር ይስማማል። ወንዶች ማዞሪያ የበዛበት ነገር ሲያዩ ፊታቸው ይበራል።

በመጨረሻ ነስረዲን የሚባል ሰው ሱቅ ውስጥ ባለ ስምንት ቻናል ሚክሰር ተገኘ። ብሉቱዝ አለው፣ የፍላሽ ቦታ አለው፣ አሥራ ስድስት ዓይነት ኤኮ አለው። ታምሩ ኤኮውን ሲያይ እጁን አሻሸ። በሱቁ ትልቅ ስፒከር ሞከሩት፣ መንገደኛው ሁሉ ዞሮ አየ፣ አንድ ባለ ጋሪ ቆሞ ራሱን ነቀነቀ። እኔ አንድ ጥያቄ ብቻ ነበረኝ፣ ላፕቶፕ ላይ ይቀዳል ወይ? “ዩኤስቢ አለው” አለኝ ነስረዲን። “ዩኤስቢ አለው” አለኝ ታምሩም። ሁለት ሰው ከመሰከረ እንግዲህ ምን እላለሁ።

ለማይክ የሚሆን አልተረፈኝም፣ ታምሩ ከቤተ ክርስቲያን አስፈቅዶ አንድ ያመጣልኛል። ካርቶኑን አቅፌ በባጃጅ ስመጣ አንገቴን ረሳሁት። ከሰኞ ወዲህ የመጀመሪያዬ ነው።

ሐሙስ፣ ኅዳር 4

የቸኮለ አፍሶ ለቀመ።

ላፕቶፑ ሚክሰሩን አያውቀውም። ገመዱን ነቀልን፣ ሰካን፣ ላፕቶፑን አጥፍተን አበራን። ምንም። ሌንሴ ጋ ደወልኩና የሚክሰሩን ፎቶ ላክሁላት። ወዲያው መለሰች። “እማ፣ ያ ዩኤስቢ ፍላሽ ሰክተሽ ዘፈን የምታጫውችበት ነው፣ ድምፅ ወደ ላፕቶፕ አይልክም።” እኛ የጠየቅነው ቀዳዳው መኖሩን ነው፣ ሥራውን አልጠየቅንም። ለስድስት ዓመት ልጅ ጥያቄውን በደንብ አንብብ እያልኩ የምኖር ሴት።

ታምሩ እጅ አልሰጠም። በሌላ ገመድ በላፕቶፑ የማይክ ቀዳዳ ሞከረ፣ ተቀዳ። ግን ከኋላው ንብ ቀፎ ያለ ይመስላል። ኤኮውንም ከፍቶታል። አንድ ስል አንድ፣ ንድ፣ ንድ ይላል። ሁለት ስል ሁለት፣ ለት፣ ለት። ቁጥር ላስተምር ነው ወይስ ላሳስት? አጥፋው አልኩት። ያለ ኤኮ እኮ ደረቅ ነው አለኝ። እኔም ደረቅ ነኝ፣ ደረቅ ሆኜ ነው ያስተማርኩት አልኩት። ትንሽ ከረር ሳልል አልቀረሁም። ሻዩን ሳይጨርስ ሄደ።

ከሄደ በኋላ አለቀስኩ። ስለ ሚክሰሩ አይደለም። ሰባት ቀን ነው የቀረኝ፣ ዛሬ ስጮህ ደግሞ ድምፄ መሃል ላይ ተሰነጠቀ። እስከ ሐሙስ እንኳን ይቆይልኝ ይሆን?

ወንድም ታምሩን ነገ ይቅርታ እጠይቀዋለሁ። ለልፋት ከአሥር ዘጠኝ፣ ለኤኮ ዜሮ።

ዓርብ፣ ኅዳር 5

ለይቅርታው ጠዋት ደወልኩ። ከእኔ ቀድሞ እሱ ይቅርታ ጠየቀ፣ ሌሊቱን እንቅልፍ እንዳልወሰደው ነገረኝ። እሱ ልሂድልሽ ቢልም ወደ ሱቁ ብቻዬን ሄድኩ። የሁለት ወንዶች ክርክር ውስጥ መቆም አልፈለግኩም።

“የተሸጠ ዕቃ አይመለስም” የሚለው ወረቀት ከነስረዲን ራስ በላይ ነው የተለጠፈው፣ ረቡዕ ዕለት አላየሁትም ነበር። መንገድ ላይ ንግግር ተዘጋጅቼ ነበር። ካርቶኑን ባንኮኒው ላይ ሳስቀምጥ ንግግሩ ጠፋኝና ያለውን ነገርኩት። ስለ ልጆቹ፣ ስለ ሐሙስ፣ ስለ አንገቴ። ሻርፔን ዝቅ አድርጌ አሳየሁት፣ ለምን እንዳሳየሁት አላውቅም።

ፊቴን ትኩር ብሎ አየና አወቀኝ። ልጁ ሦስተኛ ክፍል ነው፣ እኔ ጋ ነው የተማረው፣ ቲቸር አስቴር መሆኔን ረቡዕ ዕለት ከታምሩ ወሬ የተነሳ አላስተዋለም። ልጁ እስካሁን ጫማውን የሚያስረው እየዘመረ ነው አለኝ። ከዚያ ወረቀቱን ቀና ብሎ አየና “ቲቸር፣ ዕቃው አልተበላሸም፣ እኛ ነን ያልተግባባነው” አለ።

ብር አይመልስም፣ ግን ይለውጣል። ለውጡም ሁለት ማይክ፣ ሁለት ማቆሚያ፣ ገመዶችና አንድ ጥሩ ሄድፎን ሆነ። ላፕቶፕ የሚያውቀው ሚክሰር እሱ ጋ የለም፣ የሌለኝን አልሸጥልዎትም አለኝ። ይኼን ዓረፍተ ነገር ረቡዕ ዕለት በሰማሁት ኖሮ።

ማታ ሌንሴ ቴሌግራም ላይ አንድ ማስታወቂያ አግኝታ ላከችልኝ። ያገለገለች፣ ባለ አራት ቻናል፣ ወደ ኮምፒውተር የምትቀዳ። ሻጩ ባቱ ነው ያለው። ቶሌራ ፎቶውን ዓይኑን አጥብቦ አየና ይቺ እንኳን ሚክሰር አትመስልም፣ የምሳ ዕቃ ነው የምትመስለው አለ። ብሩን ቶሌራ ከሱቁ ያወጣል፣ ነገ እንሄዳለን።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 6

ባቱ ደርሰን መጣን። እግሬ አብጧል፣ ልቤ ግን ቀልሏል።

ጠዋት ከመናኸሪያ በሚኒባስ ወጣን። መቂ ላይ የሽንኩርት ጆንያ ተጫነና ቶሌራ እስከ ባቱ ጉልበቱ ላይ ሽንኩርት ይዞ ሄደ። ሻጩ ከድር ይባላል፣ ሠርግ የሚቀዳ ሰው ነው። ቤቱ ከሐይቁ ብዙ አይርቅም፣ ባለቤቱ ደጃፉ ላይ ዓሣ ትጠብሳለች። “አካም ጅርቱ” ብሎ ተቀበለን፣ ከቶሌራ ጋር ሰላምታው ራሱ ሩብ ሰዓት ፈጀ። የከብቱ፣ የዝናቡ፣ የልጆቹ ደኅንነት ተጠየቀ። ከብት የለንም፣ ቶሌራ ግን ደኅና ናቸው አለ።

ከድርን ለምንድን ነው የምትሸጣት ብዬ አጥብቄ ጠየቅኩት፣ ዘንድሮ ማንንም አላምንም። ሠርጉ ትልቅ እየሆነ መጣ፣ የሙዚቃ ባንዱ ሰው በዛ፣ ይቺ አነሰችኝ አለ። ሦስተኛው ቻናል ማዞሪያው እንደሚንኮሻኮሽም ሳልጠይቀው ነገረኝ። ያን ጊዜ ነው ማመን የጀመርኩት። ላፕቶፑን ይዤ ነበር የሄድኩት። ገመዱን ሰካ። ላፕቶፑ ትንሽ አቃሰተና ስሟን ጻፈ። አወቃት! ቶሌራን ጎሸምኩት፣ ሽንኩርት የከረመበትን ጉልበቱን ነበርና ጮኸ።

ከዚያ ከድር ለምን እንደምፈልጋት ጠየቀኝ። ስለ ልጆቹ ስነግረው ተነሥቶ ሁለት ማይክ ሰካ፣ አንዱን ለእኔ ሰጠኝ፣ አንዱን እሱ ያዘ። ድምፅን ወደ ግራ ወይም ወደ ቀኝ የምትወስድ ትንሽ ማዞሪያ አለች፣ ፓን ይሏታል። የእኔን እስከ መጨረሻው ወደ ግራ አዞራት፣ የእሱን ወደ ቀኝ። ሄድፎኑን ጆሮዬ ላይ አደረገና ቁጠሪ አለኝ።

አንድ አልኩ። በግራ ጆሮዬ መጣሁ። “ቶኮ” አለ ከድር፣ በቀኝ ጆሮዬ መጣ። ሁለት። “ላማ።” ሦስት። “ሰዲ።” የዓሣው ጭስ በር ላይ፣ ጺማም ሰውዬ ማይክ ይዞ እንደ አንደኛ ክፍል ልጅ ይመልስልኛል። እየሳቅኩ እንባዬ መጣ።

“አሁን እህቴ፣ አንቺና ልጆቹ አንድ ላይ ትዘምራላችሁ፣ ግን አትደባለቁም። ልጆቹ ቢጮሁ ኋላ የእነሱን ብቻ ትቀንሻለሽ። አንቺን የሚነካሽ የለም” አለኝ።

ሃያ ዓመት ድምፅ የያዘው ታምሩ ይኼን አልነገረኝም። ነገሩ የእሱ ጥፋት አይደለም። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሥራው ማደባለቅ ነው፣ መለየት አይደለም። ከድር ከዋጋውም ቀነሰልን፣ ባለቤቱ ደግሞ ዓሣ ካልበላችሁ አትሄዱም አለች። ቆሮሶ የሚሉትን የሐይቁን ዓሣ፣ ሁለት ሁለት በላን።

ስንመለስ ሚክሰሯ ያለችው እኔ ጉልበት ላይ ነበር፣ በሻርፔ ተጠቅልላ።

እሑድ፣ ኅዳር 7

ከቤተ ክርስቲያን መልስ መኝታ ቤቱን ስቱዲዮ አደረግነው። ቶሌራ ከሱቁ የተቆራረጠ ስፖንጅ በጆንያ አምጥቶ ግድግዳው ላይ ደረደረው፣ ያለንን ብርድ ልብስ ሁሉ መስኮቱና በሩ ላይ ሰቀልነው። ውስጡ ገብተን ስናወራ ድምፃችን አጠገባችን ወድቆ ይቀራል። ቶሌራ ሶፋ ውስጥ የተሰፋሁ መሰለኝ አለ።

የሚረብሹን ነገሮች፦ ባጃጅ። የጎረቤት ድምፅ ማጉያ (እሑድ ከሰዓት ለምነን ዝቅ ተደረገ፣ እግዜር ይስጣቸው)። የጀርባው ግቢ አውራ ዶሮ፣ ለእሱ መፍትሔ የለም። ፍሪጅ። ፍሪጁን ነቅለን ቀዳን፣ ከዚያ መሰካቱን ረሳነው። ወተቱ ሄደ።

አራት ጊዜ ሙከራ ቀዳሁ። ድምፄ ንጹሕ ነው፣ እኔው ነኝ። የማላውቀው ነገር ግን ተሰማኝ። በየስንኙ መሃል ትንፋሽ እሰርቃለሁ፣ ድሮ እንዲህ አልነበርኩም። እንቅርቱ ነው። አሁን ሰምቼው መርሳት አልቻልኩም። ከፍ የሚለው ቦታ ላይ ደግሞ ድምፄ ጫፉ ይሰነጠቃል። ነገ እስክንቀዳ አፌ ለትኩስ ውኃ እንጂ ለወሬ አይከፈትም።

ሰኞ፣ ኅዳር 8

ዘጠኝ ልጆች። ሁሉም የሰፈሬ ናቸው፣ ሁሉም የክፍሌ ናቸው። ወላጆቻቸውን ትናንት በየደጁ ዞሬ አስፈቅጄ ነበር፣ ማንም እምቢ አላለኝም። ከትምህርት ቤት መልስ ዳቦና ሻይ አቅርቤ ነው የጀመርነው።

ወንድም ታምሩ መጣ። ሚክሰሯን አየና ይቺ ናት? አለ። ይቺ ናት አልኩት። ተቀመጠ፣ ሄድፎኑን አደረገ፣ እጁ ኤኮ ፍለጋ ሄደና የለም፣ ኪሱ ውስጥ ከተተው። የግራና የቀኙን ነገር ሳስረዳው ግን ገባው፣ ከእኔ ቀድሞ የልጆቹን ማይክ አርቆ አቆመና ልጆቹን በቁመት ደረደራቸው። ሙያ ሙያ ነው።

አሥራ አንድ መዝሙር ቀዳን። በመሃል መብራት ጠፋ። ልጆቹ ጨለማውን ሲያገኙ ጨዋታ ጀመሩ፣ ስፖንጁን እየተጫኑ ይስቃሉ። እዚያ ላይ ነው ሂክማ የጠየቀችኝ። ትንሿ ናት፣ ፊት ጥርሶቿ ወልቀዋል።

“ቲቸር፣ አንገትሽን ሊቆርጡት ነው?”

ጨዋታው ቆመ። ለካ ሁሉም ያውቃሉ። የማያስፈልገውን ብቻ ነው የሚያወጡት፣ እንደ ጥርስሽ አልኳት። አሰበችበት። ጥርሴማ በሌላ ይተካል አለች። ታምሩ በጨለማው ማዞሪያ ያየ መስሎ አቀረቀረ። መብራቱ መጣና ገላገለኝ።

አሥራ አንድ ቀረ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9

ሃያ ሁለት! አለቀ። ተጠናቀቀ። ሁለት ቀን ቀርቶኝ አለቀ።

የመጨረሻው ላይ ድምፄ ሊሄድ ምንም አልቀረውም፣ ከፍ የሚለውን ቦታ ልጆቹ ተሸከሙልኝ። አውራ ዶሮውም በእጅ መታጠቢያው መዝሙር ውስጥ ገብቷል፣ ይቀመጥ ተባለ። ታምሩ ሄድፎኑን አውልቆ ሲያበቃ እንዲህ አለኝ። “እህት አስቴር፣ ይኼ ኤኮ አያስፈልገውም።” ከእሱ አፍ ይኼን መስማት ዲፕሎማ እንደማግኘት ነው።

ልጆቹ ከሄዱ በኋላ ብቻዬን ቁጭ ብዬ ሰማሁ። መጀመሪያ ሁለቱንም። ደስ አለኝ። ከዚያ እጄ ሄደና የግራውን፣ የራሴን፣ ጨርሼ ዘጋሁት። እውነቱን ልጻፍ፣ እኔ ባልኖር ምን እንደሚመስል ልሰማ ነበር። ባዶ ቦታዎች ይኖራሉ፣ ልጆቹ መልስ ብቻ ይመልሳሉ ብዬ ነበር የጠበቅኩት። ጥያቄ የሌለው መልስ።

ባዶ ቦታ የለም። የእኔንም ይዘምራሉ። ዝቅ አድርገው፣ ከከንፈራቸው ጫፍ፣ አንድ ይላሉ ከዚያ ቶኮ ብለው ይጮኻሉ። ሁሉንም ስንኝ ያውቁታል። በዚያ ላይ ከእያንዳንዱ መዝሙር በፊት “እህም” የሚል ነገር አለ። ምንድን ነው ብዬ መልሼ ሰማሁት። ጉሮሯቸውን እየጠረጉ ነው። ዘጠኙም፣ አንድ ላይ። ካመመኝ ወዲህ ሳልጠርግ መጀመር አልችልም፣ ለእነሱ ግን መዝሙሩ የሚጀምረው እዚያ ጋ ነው። ትንፋሽ የምሰርቅበት ቦታ ላይም ይተነፍሳሉ። ሕመሜን ሳይቀር ተምረውታል፣ ስድስት ዓመታቸው ነው፣ ሳንባቸው እንደ ወናፍ ነው።

ሳቅኩ፣ እስኪያመኝ ሳቅኩ። ቶሌራ ሮጦ መጣ። ሄድፎኑን ጆሮው ላይ አደረግኩለት። “እህም” ሲሉ ሲሰማ ፊቱ ተጨማደደ፣ መሳቁን ነው ማልቀሱን አላወቅኩም።

ዜማው ያለው ጉሮሮዬ ውስጥ ነው ብዬ ነበር ያለፈው ሳምንት ሰኞ የጻፍኩት። ተሳስቻለሁ። ታዲያ ይኼ ሁሉ የባቱ መንገድ ከንቱ ነበር? ሳልሄድማ አልሰማውም ነበር።

ለሌንሴ ልኬላታለሁ። አንድ ፍላሽ የምትተካኝ መምህርት ነገ ትወስዳለች፣ አንድ ደግሞ ነስረዲን ጋ ለልጁ ይሄዳል።

ረቡዕ፣ ኅዳር 10

ሆስፒታል ነኝ። አልጋው መስኮት አጠገብ ነው። ያመጣኋቸው ነገሮች፦ ይኼ ደብተር፣ ሁለት እስክሪብቶ (አንዱ ቢያልቅስ)፣ መጽሐፍ ቅዱስ፣ የቶሌራ ሹራብ። ሄድፎኑንም ይዤ ነበር፣ ቶሌራ መልሶ ወሰደው፣ እዚህ ይጠፋል ብሎ።

ፈርቻለሁ? አዎ። ግን ያለፈው ሳምንት ፍርሃት አይደለም። ያን ጊዜ ሁለት ነገር ነበር የምፈራው፣ አሁን አንድ ነው። ለራሴ ብቻ ነው የምፈራው፣ ይኼ ደግሞ የሚቻል ነው። ቶሌራን በስሙ መጥራት እፈልጋለሁ። ሌንሴን በስልክ መቆጣት እፈልጋለሁ። ይኸው ነው።

ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ ውኃም የለም። ጌታ ሆይ፣ አንተ ታውቃለህ።

ዓርብ፣ ኅዳር 12

ወጥቷል። እኔም አለሁ። የትናንቱ ገጽ ባዶ ነው፣ እስክሪብቶ የምይዝበት ጣት አልነበረኝም።

ትናንት ከሰዓት ነው የነቃሁት። ቶሌራ አጠገቤ ነበር፣ ስሜን ጠራኝ። በዓይኔ መለስኩለት። አፌን አልከፈትኩም። ያልሞከሩት ድምፅ ጠፋ አይባልም ብዬ ተኛሁ፣ ሳይመሽ የተኛሁ መሰልኩ፣ ዶክተሩ ሲመጣም የተኛሁ መሰልኩ። ቶሌራ እንዳወቀብኝ አውቃለሁ። አላስገደደኝም።

ዛሬ ጠዋት ግን ዶክተሩ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ዓይኔን ገለጥኩ።

“ስምዎትን ይንገሩኝ” አለኝ።

መጀመሪያ አየር ብቻ ወጣ። ቶሌራ የአልጋውን ብረት ያዘ። ሁለተኛ ሞከርኩ። “አስቴር” አልኩ። ወፍራም፣ ሻካራ፣ አቦምሳ ያለውን የአጎቴን ድምፅ የመሰለ ነገር ነው የወጣው። ግን ወጣ። ኢ ይበሉ አለኝ፣ ኢ አልኩ። ይድገሙት አለኝ፣ ደገምኩት። ነርቩ ይሠራል አለ። መጎርነኑ ከእብጠቱ ነው፣ በሳምንታት ይለቃል። ከፍ ያለው ዜማ ግን ጊዜ ይወስዳል፣ ሙሉ በሙሉ ስለ መመለሱ አሁን ቃል አልገባልዎትም አለኝ። እስክሪብቶው ኪሱ ውስጥ ነበር፣ አልነካውም።

ቶሌራ ተነሥቶ ወጣ። ከበሩ ውጭ ለሌንሴ ሲደውል ሰማሁት። “ዱበቴ” ይላል፣ “ተናገረች፣ ዱበቴ”፣ ሁለቱን ቋንቋ እያፈራረቀ፣ ኮሪደሩ ሁሉ እስኪሰማ። በሃያ ስድስት ዓመት ትዳር ውስጥ እንደዚያ ሲጮህ ሰምቼው አላውቅም።

ውጭ ኅዳር ሲታጠን ነው። ከተማው ሁሉ ቆሻሻውን እያቃጠለ ነው፣ ጭሱ እንዳያስለኝ ነርሷ መጥታ መስኮቱን ዘጋችው። ወጣት ናት። ስሟን ጠየቅኳት፣ የት እንደተማረች፣ አንደኛ ክፍል ማን እንዳስተማራት። ከዚያ ወደ ቶሌራ ዞሬ ስፖንጁን ከግድግዳው እንዳያወርደው፣ ሚክሰሯን አቧራ እንዳይነካት እንዲሸፍናት፣ ፍሪጁን መሰካቱን እንዲያይ ነገርኩት። ከዚያ ወደ እሷ ተመልሼ አንደኛ ክፍል ያስተማረቻትን ሴት እንደማውቃት መንገር ጀመርኩ።

ነርሷ ወገቧን ይዛ ቆመች። “እናቴ፣ ኧረ ትንሽ ዝም ይበሉ” አለችኝ።

ሃያ አራት ዓመት ዝም በሉ ስል ኖሬያለሁ። ዝም በይ ተብዬ ደስ ሲለኝ ይኼ የመጀመሪያዬ ነው።